የወይዘሮ መዲና ባዶ ዓመታት

ወይዘሮ መዲና አሊ በ2098 ዓ.ም. መስከረም ላይ ስልሳ ሁለት ዓመት ሞላቸው። ደረታቸው ላይ የተሰካው ባጅ ግን አምሳ ሁለት ይል ነበር። በኮምቦልቻ የሰው ዕድሜ የሚነበበው ከባጁ ነው፤ መቼ ተወለድክ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል።

አቆጣጠሩ ከባድ አይደለም። የምዕራፍ ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት የክልሉን ሕዝብ በአምስት ምዕራፍ ከፍሎታል። ሕፃናት ከአራት ዓመታቸው ጀምሮ በመዋያቸው ክር በየቀለሙ ይለያሉ። ከአሥራ ሁለት ዓመት ጀምሮ ልምምድ ነው። ከሃያ በኋላ የቁም ሥራ፣ ከአምሳ አምስት በኋላ የወንበር ሥራ፣ ከስልሳ በኋላ እረፍት። ዕድሜ ማለት የተሠራበት ዓመት ነው። ያልተሠራበት ዓመት «ባዶ» ተብሎ ይቀነሳል። ድርብ ፈረቃ የሚገባ ሰው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ዓመት ያረጃል።

ወይዘሮ መዲና አሥር ባዶ ዓመት ነበረባቸው። እናታቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ ሲወድቁ ወይዘሮ መዲና ሊያስታምሙ ሥራቸውን ትተው ቤት ገቡ። እናትየው አሥር ዓመት ተኝተው ሞቱ። ከቀብሩ በኋላ ወይዘሮ መዲና ወደ ፋብሪካው ሲመለሱ ባጁ የቆመው ጥለውት በሄዱበት ቁጥር ላይ ነበር። ከዚያ ጀምሮ ዕድሜያቸው ከራሳቸው በአሥር ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ይከተላቸዋል።

ፋብሪካው ከቦርከና ወንዝ ማዶ ያለው ትልቁ የጨርቅ ፋብሪካ ነው። ጨርቁ በደረት ከፍታ ሳይቆም ይፈስሳል። ማሽኑ እንከን ያለ ሲመስለው በቀይ ብርሃን ያመለክታል፤ ወይዘሮ መዲና ቦታውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «አዎ» ወይም «አይ» ይላሉ። በቀን ስምንት ሰዓት፣ ቆመው። መደገፊያ እንኳ የለም፤ ቀደም ሲል የነበረውን የእንጨት ምሰሶ ሰው እየተደገፈበት ሥራ ያቀዘቅዛል ተብሎ ተነቅሏል።

ጠዋት ጠዋት ለፈረቃ ኃላፊው ለናሆም ሰላምታ ይሰጣሉ።

«እንደምን አደሩ?»

«ደህና። አንቺስ ደህና አደርሽ?»

ናሆም ከእናቱ ሆድ ከወጣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ድርብ ፈረቃ እየገባ ባጁን አምሳ ሦስት አድርሶታል። በፋብሪካው ግቢ አንቱታ በባጅ ነው። ጣሪያው ላይ የሚሰማ ጆሮ አለ፤ አንቱ ማለት ያለበትን አንተ፣ አንተ ማለት ያለበትንም አንቱ ያለ ሰው ሰዓት ይቆረጥበታል። ናሆም መጀመሪያ አካባቢ ወይዘሮ መዲናን «አንቺ» ሲል ዓይኑን መሬት ላይ ይጥል ነበር። በኋላ ለመደው። እሳቸውም ለመዱት፤ ቢያንስ የለመዱት ይመስሉ ነበር።

ያልለመዱት አንድ ነገር ነው። በአዳራሹ ማዶ፣ በመስኮቱ ሥር፣ የወንበር ሠራተኞች ተደርድረው ምልክት ይሰፋሉ። ከእነሱ አንዱ ታናሽ ወንድማቸው አራጋው ነው። በልደትም በባጅም አምሳ ስምንት፤ አንድም ባዶ የለበትም። በር ላይ ሲገጣጠሙ ወይዘሮ መዲና «እንደምን አደሩ» ይሉታል፤ እሱ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። እናታቸው ገበያ ሲወርዱ እሳቸው አዝለው ያሳደጉት ልጅ ነው። አንቱ ሲሉት አንድም ቀን ዓይናቸውን አይቶ አያውቅም።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ማክሰኞ፣ ከምሳ በፊት፣ ቀኝ ጉልበታቸው ከዳቸው። ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ማንም ቦታውን መልቀቅ ስለማይችል የሚያነሳቸው ሳይመጣ ሠላሳ ሜትር ያህል ጨርቅ ሳይዳሰስ በላያቸው አለፈ። አራጋው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር። ያለ ሰዓቱ ሲነሱበት የሚጮኸው ወንበር ሲጮህ መልሶ ተቀመጠ።

የፋብሪካው ሐኪም ጉልበታቸውን አይታ ብዙ አልቆየችም።

«ልም አጥንቱ አልቋል» አለቻቸው። «ለአምሳ ሁለት ዓመት ሰው ይሄ ያለጊዜው ነው።»

«ስልሳ ሁለት ነኝ።»

«እዚህ የሚለው አምሳ ሁለት ነው።»

«ጉልበቴስ ስንት ይላል?»

ሐኪሟ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣች። «ከአምሳ አምስት በላይ ብትሆኚ ወንበር ማዘዝ እችል ነበር። አሁን የማዝዝልሽ የእግር ስፖርት ነው» አለችና ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ወረቀቱ ላይ አንዲት ወጣት ሴት በአንድ እግሯ ቆማ ትታያለች።

በሳምንቱ ወይዘሮ መዲና እያነከሱ ወደ ምዕራፍ ቢሮ ሄዱ። በመስኮቱ የተቀበለቻቸው ፍሬሰላም የምትባል ልጅ ናት። ታሪካቸውን ሳታቋርጥ አዳመጠቻቸው።

«ባዶው ሊሞላ ይችላል ወይ?» ብለው ጠየቋት።

«ግማሹ ይችላል። ወላጅን ማስታመም የልጆች ሁሉ ግዴታ ነው ይላል ደንቡ። እርስዎና ወንድምዎ አምስት አምስት ዓመት ይደርሳችኋል። የእርስዎ አምስት ግዴታዎ ስለሆነ አይቆጠርም። የወንድምዎን አምስት ሠርተውለት ከሆነ ግን እሱ ይፈርማል፤ ከእሱ ተቀንሶ ለእርስዎ ይገባል።»

«ከእሱ ለምን ይቀነሳል?»

«ዕድሜ አይፈጠርም፤ ይዛወራል እንጂ።» ይህን ያለችው ግድግዳው ላይ የተጻፈውን እንደሚያነብ ሰው ነው። በእርግጥም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም፣ እማማ» አለች።

ወይዘሮ መዲና ወንድማቸው የሚፈርምበትን ቅጽ ተቀብለው ወጡ። ሂሳቡን ለመሥራት ወረቀት አላስፈለጋቸውም። አራጋው ከፈረመ እሳቸው አምሳ ሰባት ሆነው ይቀመጣሉ፤ እሱ አምሳ ሦስት ሆኖ ይቆማል። ለሁለቱ ያለው አንድ ወንበር ነው።

አርብ ከሰዓት በኋላ ወደ አራጋው ቤት ሄዱ። ቤቱ ከየጎፍ ተራራ ግርጌ ነው። ሚስቱ ጦይባ ሻይ አቅርባ፣ ነገሩ የእህትና የወንድም መሆኑ ገብቷት ወደ ጓሮ ወጣች። እዚህ የሚሰማ ጆሮ ስለሌለ አራጋው እንደ ልጅነቱ ጠራቸው።

«እታለም፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ?»

«ለእሱ ነው የመጣሁት።»

ቅጹን ሰጡት። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«እኔ ልቁም ነው የምትዪው።»

«አዎ።»

«ለእረፍት ሁለት ዓመት ነው የቀረኝ እኮ። ሁለት ዓመት። ወገቤን ደግሞ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«የእናታችንን መድኃኒት ይገዛ የነበረው ማን ነው? ዒድ በመጣ ቁጥር ባዶ እጄን መጥቼ አውቃለሁ?»

«አልካድኩም። መድኃኒቱን አንተ ገዝተሃል። በቀን ስድስት ጊዜ ያገላበጥኳት፣ ያጠብኳት፣ ያጎረስኳት ግን እኔ ነኝ። እሱን ፈርም ነው የምልህ። ያልሆነውን አላልኩም።»

አራጋው ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «መጦሪያ ቤት እናስገባት ብዬሽ ነበር። እምቢ ያልሽ አንቺ ነሽ።»

«ቤቱን አይተኸው ታውቃለህ?»

«አላየሁትም።»

«እኔ አይቼዋለሁ።»

ሻዩ ቀዘቀዘ።

«አየህ አራጋው» አሉ ወይዘሮ መዲና፣ «እናቱን ያስታመመው ልጅ ሆኖ ቀረ። ያላስታመመው አረጀ። የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በአንተ አይደለም የተናደድኩት።»

«እታለም፣ አልችልም» አለ አራጋው። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የቆመ ሰው ወገቡን ይዞ ሲናገር የሚያወጣው ዓይነት ድምፅ ነበር።

ደንቡ ላልፈረመ ወንድምም መንገድ አለው። ወይዘሮ መዲና አቤቱታ አስገቡ፤ ኅዳር ላይ ሦስት ሰዎች ያሉበት ሸንጎ ሁለቱንም ጠራ። ሰብሳቢው አቶ ሐብተወልድ ይባላሉ። ፀጉራቸው ገና ጥቁር ነው፤ ባጃቸው ሰባ አንድ ይላል። በቢሮው ውስጥ የሚሠራ ሰው ሰዓት እንዴት እንደሚቆጠር የሚያውቅ የለም።

«መዲና» አሉ ሰብሳቢው፣ «በእነዚህ አሥር ዓመታት ምን አመረትሽ?»

«እናቴን አኖርኩ።»

«የሚለካ ነገር ማለቴ ነው።»

ወይዘሮ መዲና አሰቡ። «ጀርባዋ አልቆሰለም» አሉ። «አሥር ዓመት ተኝታ ጀርባዋ አንድ ቀን አልቆሰለም። አስታማሚ የሆነ ሰው ካለ ጠይቁት። እሱን ለኩልኝ።»

ከሦስቱ አንዷ አንገቷን ደፋች። ሰብሳቢው ግን መለኪያው ላይ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ተናግረው ወደ አራጋው ዞሩ። አራጋው መሐላውን በቀስታ ፈጸመ።

«እናታችሁን ያስታመመ ማን ነው?»

አራጋው የጃኬቱን ጫፍ በጣቶቹ ያጥፍና ይዘረጋ ጀመር። «ተካፍለን ነው ያስታመምናት» አለ።

«እኩል?»

«…እኩል።»

ወይዘሮ መዲና ፊታቸው ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ። ሰብሳቢው ወደ እሳቸው ተመለሱ። «ቃሉን ትቀበያለሽ? ሐሰት ነው ካልሽ እናጣራለን። በሐሰት የመሰከረ ሰው ዕድሜው በሙሉ ተሰርዞ ከሃያ እንደገና ይጀምራል። አስቢበት።»

ወይዘሮ መዲና ወንድማቸውን አዩት። አንገቱ ላይ ያለችው ጠባሳ በአምስት ዓመቱ ከጀርባቸው ላይ ወድቆ ያገኛት ናት። ሰባት ቀን አልቅሰውላታል። አሁን ይህ አንገት ወደ መሬት ተሰብሯል፤ ላብም ወጥቶታል።

«እሱ እንዳለው ጻፉ» አሉ።

«እንግዲያው መዝገቡ ይዘጋል። ዳግም አይከፈትም።»

«ይዘጋ። ግን አንድ ነገር ልናገር።» በጠረጴዛው ጠርዝ ተደግፈው ተነሱ። «ልጅነቱን አዝዬ አሳድጌዋለሁ፤ እርጅናውን አልቀማውም። እኔ ዓመቶቼን የጠየቅኩት እሱን አልነበረም። እናንተን ነበር። የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁና። እናንተ ግን ወንድሜን አምጥታችሁ ፊቴ አቆማችሁት፤ ከእሱ ሥጋ ቁረጪ አላችሁኝ። በእናት አልጋ አጠገብ የነበርኩበትን ጊዜ ባዶ ብላችሁ ጻፋችሁ። ማናችሁ ናችሁ ሳትታጠቡ፣ ሳትገላበጡ፣ ሳትጎርሱ ያደጋችሁት? ያሳደጓችሁ ሰዎች ዓመት የት ተጻፈ?»

ሰብሳቢው ወደ ጸሐፊው ዘንበል አሉ። «ይሄ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ሲሉ ተሰሙ። አልተጻፈም።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ መዲና እንደ ወትሮው ፋብሪካ ገቡ። ደወሉ ሲደወል ነጠላቸውን አጥፈው ሲሚንቶው ላይ አነጠፉና ተቀመጡ። ጨርቁ ከራሳቸው በላይ ይፈስስ ጀመር። ቀዩ ብርሃን በራ፤ የሚዳስሰው አልነበረም። ደግሞ በራ።

ናሆም እየተጣደፈ መጣ። «መዲና፣ ተነሺ።»

«አልነሳም፣ ልጄ።»

ጣሪያው ጢጥ አለ። «ልጄ» ማለት ክልክል ነው።

ናሆም አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። «በእኔ ነው የሚመጣው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጨርቁ ሳይታይ ከወጣ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ተነሺልኝ።»

«እንደምትጠየቅ አውቃለሁ። አዝናለሁም። ግን ይሄ ጉልበት ስልሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ባጅ አያነብም።»

ናሆም አልተነሳም። «እናቴም ትቆማለች» አለ። «ሐርቡ ባለው ፋብሪካ፣ ማሸጊያ ክፍል። አባቴን ስታስታምም ስድስት ዓመት ባዶ ገባባት።»

«ስንት ትላለች ባጇ?»

«አርባ ዘጠኝ። ከእኔ ታንሳለች። አንቱ ትለኛለች፣ ልጠይቃት ሄጄ ፋብሪካው በር ላይ ስንገናኝ።» ይህን ብሎ እጁ ላይ ያለውን ሰሌዳ ከፈተ፤ ጥፋቱን መመዝገብ ነበረበት። ጣቱ ግን ሰሌዳው ላይ ቆሞ ቀረ።

ያን ጊዜ ከአዳራሹ ማዶ የጎማ ድምፅ ተሰማ። አራጋው ወንበሩን እየገፋ ይመጣል። ከቦታው የተነሳ ወንበር ይጮሃል፤ ይሄም እየጮኸ ነበር። የቁም ሠራተኞቹ እጃቸውን ጨርቁ ላይ አድርገው አንገታቸውን ብቻ እያዞሩ ያዩታል። አራጋው በመካከላቸው አልፎ እህቱ ዘንድ ደረሰና ወንበሩን አቆመ።

«እታለም፣ ነይ እዚህ ላይ ተቀመጪ።»

«መልሰው አራጋው። ሁለት ዓመት ነው የቀረህ።»

«ትናንት ሌሊቱን አልተኛሁም። ተቀመጪ።»

በብብታቸው ይዞ አነሳቸው። ወንበሩ የማያውቀው ክብደት ሲያርፍበት ጩኸቱ ባሰ። አራጋው ወደ ጨርቁ ዞሮ በእህቱ ቦታ ቆመ፤ ቀዩ ሲበራ በጣቱ ዳሰሰና «አዎ» አለ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ለናሆም ተናገረ።

«ጻፍ። በሸንጎ የመሰከርኩት ሐሰት ነው። እናቴን አሥር ዓመት ሙሉ ያስታመመቻት እህቴ ብቻዋን ናት። እኔ የበዓል እንግዳ ነበርኩ።»

«ጋሽ አራጋው፣ ይሄ ከተጻፈ…»

«ምን እንደሚሆን ነግረውናል። ጻፍ።»

ናሆም ጻፈ። ቀና ብሎ፣ «ሰሌዳው የተበዳይዋን ዕድሜ ይጠይቃል። ስንት ልበል?» አለ።

«ስልሳ ሁለት» አለ አራጋው።

«ሰሌዳው አልቀበልም አለ።»

«ደግመህ ጻፈው።»

ናሆም ደግሞ ጻፈው። ከዚያ ሰሌዳውን ዘጋና፣ «እትዬ መዲና፣ ውሃ ላምጣልዎት?» አላቸው። ጣሪያው ጢጥ ሲል ቀና ብሎም አላየው።

እስከ ምሳ ሰዓት ማንም አልነካቸውም። ከሰዓት በኋላ ጥበቃዎች መጥተው ሁለቱንም ከግቢ አስወጧቸው። የአራጋው ዕድሜ በዚያው ሳምንት ተሰርዞ ሃያ ሆነ፤ የቁም ሥራ ተሰጠው፤ አልሄደም። ናሆም ከኃላፊነቱ ወረደ። ወንበሩ የማን እንደሆነ ውሳኔ ስላልተገኘ ሦስት ቀን በአዳራሹ መካከል ቆሞ ሰነበተ፤ በአራተኛው ቀን ወደ ግምጃ ቤት ተወሰደ።

ወይዘሮ መዲና ወደ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ጦይባ ከመንገዱ ዳር በምትሸጠው ሳምቡሳ ሦስቱም ይኖራሉ። አራጋው ሊጥ መዳመጥ ተምሯል፤ ወገቡን ሲያመው ይቀመጣል። ክርክር አይጠፋም፤ ስለ መጦሪያ ቤቱ ጉዳይ አሁንም ይነታረካሉ።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ከምዕራፍ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። ያመጣው መልእክተኛ በሩ ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ደንቡ ነው። «ለአምሳ ሁለት ዓመቷ ሠራተኛ መዲና አሊ። በወንድምሽ ቃል መሠረት የአሥር ዓመት የማስታመም ልምድ እንዳለሽ ተረጋግጧል። ክልሉ የአስታማሚ እጥረት ስላለበት፣ በመጦሪያ ቤት በጀማሪ ሠልጣኝነት ተመድበሻል። የቁም ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት እንድትቀርቢ።»

ወይዘሮ መዲና ደብዳቤውን ተቀብለው አዩት። ስማቸው በትክክል ተጽፏል። አጥፈው ለመልእክተኛው መለሱለት።

«አድራሻ ተሳስተሃል፣ ልጄ» አሉት። «በዚህ ቤት የአምሳ ሁለት ዓመት ሴት የለችም።»

በሩንም ዘጉት።